የመረግድ ምትኮች፦ አረንጓዴ የከበሩ ድንጋዮችን መለየትና መምረጥ

በሰሜን አዲስ አበባ፣ በጉለሌ የሚገኘው ሸጎሌ ስሙን ያገኘው ከቤኒሻንጉሉ ገዥ ከሼህ ሆጀሌ አል-ሐሰን እንደሆነ ይነገራል። የሼህ ሆጀሌ ስም በታሪክ ሲነሣ አብሮት የሚነሣው የአሶሳና የአካባቢዋ ወርቅ ነው። ወርቅ ገዢና ሻጭ የሚስማሙበት የቆየ ፈተና አለው፤ በጥቁር መፈተኛ ድንጋይ ላይ ይሰመራል፣ በመስመሩ ላይ አሲድ ጠብ ይደረጋል፣ መስመሩ ከጠፋ ወይም ከደበዘዘ ጥራቱ የተባለውን ያህል አይደለም ማለት ነው። በዚያው ወርቅ ላይ የሚቀመጠው ፈርጥ ግን እንዲህ ያለ የተለመደ ፈተና የለውም። አረንጓዴ ፈርጥ ያለው ቀለበት ለሽያጭ ሲቀርብ ወርቁ በግራም ይመዘናል፣ ጥራቱም ይፈተናል፤ ድንጋዩ ግን የሚታመነው በዐይንና በሻጩ ቃል ነው። ካራት የሚለው ቃል ራሱ ግራ መጋባቱን ያባብሰዋል፤ ለወርቅ የጥራት ደረጃ ሲሆን ለድንጋይ ግን 0.2 ግራም የሚመዝን የክብደት መለኪያ ነው።

ጉዳዩ ከውጭ አገር የገባ ቀለበት ለሚገዛ ጥቂት ሰው ብቻ የሚያሳስብ ሊመስል ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2016 መጨረሻ ወዲህ ግን መልኩ ተለውጧል። በኦሮሚያ ክልል ጉጂ ዞን፣ በሰባ ቦሩ ወረዳ፣ ከሻኪሶ ከተማ ብዙም በማይርቅ ስፍራ የተገኘው መረግድ በዓለም ገበያ ከታየ በኋላ ስሕተቱ በሁለት በኩል ይጎዳል። ባለ ቀለም ብርጭቆን በመረግድ ዋጋ የሚገዛ ሰው እንደሚከስር ሁሉ፣ እውነተኛ መረግድ ቆፍሮ አውጥቶ በተራ አረንጓዴ ድንጋይ ዋጋ የሚሸጥ አምራችም ይከስራል። የመጀመሪያው ኪሳራ ይወራል፤ ሁለተኛው ግን ባለቤቱ ሳያውቀው ስለሚያልፍ አይወራም። ይህ ጽሑፍ መረግድን ለመለየት ቀለም ለምን እንደማይበቃ፣ በቀላል መሣሪያ እስከ የት መድረስ እንደሚቻልና ሌላ አረንጓዴ ድንጋይ መምረጥ መቼ ተገቢ እንደሚሆን ያብራራል።

ስምና ድንጋይ

በገበያ ኤመራልድ እየተባለ የሚጠራው ድንጋይ በግእዝና በአማርኛ መረግድ ይባላል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 21፣ የከተማይቱን መሠረት ካስጌጡት 12 ድንጋዮች መካከል መረግድ፣ ቢረሌ፣ ወራውሬና ክርስጵራስስ ለየብቻቸው ተቆጥረዋል። ዛሬ ባለው የማዕድን ሳይንስ መረግድና ቢረሌ ሁለት ማዕድናት አይደሉም፤ መረግድ የቢረሌ አረንጓዴ ዝርያ ነው። ወራውሬ ለግሪኩ ቶጳዝዮን የቆመ ቃል ሲሆን፣ የጥንት ሰዎች በዚህ ስም ከቀይ ባሕር ደሴት ይወጣ የነበረውን አረንጓዴ ድንጋይ፣ ማለትም ዛሬ ፔሪዶት የሚባለውን ይጠሩ እንደነበር አብዛኞቹ የዘርፉ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። ክርስጵራስስም ቀለሙን ከኒኬል የሚያገኝ አረንጓዴ ኬልቄዶን ነው። ጥንታውያን ድንጋይን የሚመድቡት በዋነኛነት በቀለም ስለነበር፣ በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የጻፈው ሮማዊው ፕሊኒ የመረግድን ዓይነት 12 አድርሶታል፤ ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ በዛሬው መመዘኛ መረግድ አይባሉም።

ለዚህ አካባቢ አንባቢ የበለጠ የሚቀርበው የአክሱም ዘመን ምስክርነት ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ አዱሊስ የመጣው ነጋዴ ኮስማስ ኢንዲኮፕለስተስ፣ ኢትዮጵያውያን መረግድን ከብሌምዮች እየገዙ ወደ ሕንድ እንደሚወስዱና በዋጋውም ሌላ ውድ ሸቀጥ እንደሚያመጡ ጽፏል። ብሌምዮች ይንቀሳቀሱበት የነበረው ከአባይ በስተ ምሥራቅ ያለው በረሃ የጥንቶቹ የግብፅ መረግድ ጉድጓዶች የሚገኙበት ነው። እንግዲህ አክሱማውያን መረግድን የሚያውቁት አምራቾች ሆነው ሳይሆን አዟሪ ነጋዴዎች ሆነው ነበር ማለት ነው። ነጋዴ ደግሞ ካልለየ አይነግድም፤ ከዚያው ቀይ ባሕር የሚወጣውን ፔሪዶት ከመረግድ የሚለዩበት የራሳቸው ዘዴ ሊኖራቸው ግድ ነበር።

መረግድ ለምን ጥቂት ሆነ

ቢረሌ በንጹሕነቱ ቀለም የለውም። ከቤሪሊየም፣ ከአሉሚኒየም፣ ከሲሊኮንና ከኦክስጅን የተሠራ ሲሆን፣ በክሪስታሉ ውስጥ ከአሉሚኒየሙ ጥቂቱ በክሮሚየም ወይም በቫናዲየም ሲተካ መረግድ ይሆናል። ብረት ብቻውን ከገባ ሰማያዊው አኳማሪን ወይም ፈዛዛ አረንጓዴ ቢረሌ ይገኛል። በዚህ በፈዛዛው አረንጓዴ ቢረሌና በመረግድ መካከል ያለውን ድንበር ያሰመረው ሰው እንጂ ተፈጥሮ አይደለችም፤ ስለዚህም በዋጋ ድርድር ላይ ያለማቋረጥ ይገፋል።

አስቸጋሪው ነገር ቤሪሊየምና ክሮሚየም በተፈጥሮ የማይጎራበቱ መሆናቸው ነው። ቤሪሊየም የሚጠራቀመው ቅልጥ ዐለት ቀዝቅዞ ሲያልቅ በመጨረሻ በሚቀረው ፈሳሽ ውስጥ፣ ማለትም በፔግማታይት ነው። ክሮሚየም ግን የሚገኘው ከመሬት ጥልቅ በመጡ፣ ማግኒዚየም በበዛባቸው ጥቁር ዐለቶች ነው። መረግድ እንዲፈጠር ሁለቱ አንድ ቦታ መገናኘት አለባቸው። በጉጂ የሆነው ይኸው ነው። አካባቢው ከለገደምቢ ወርቅና ከቀንጢቻ ታንታለም ጋር ስሙ የሚነሣ ሲሆን፣ ፔግማታይቱ ክሮሚየም ባለበት ዐለት ውስጥ ሰርጎ ሲገባ በግንኙነታቸው ጠርዝ ላይ ሚካ የበዛበት ሺስት ተፈጥሯል፤ መረግዱም የተቀመጠው በዚያ ሺስት ውስጥ ነው። የዛምቢያ መረግድም የተፈጠረው በተመሳሳይ ሂደት ነው። የኮሎምቢያው ግን በጥቁር የደለል ዐለት ስንጥቆች ውስጥ ከሞቀ ጨዋማ ውኃ ስለተፈጠረ አወላለዱ ሌላ ነው።

ይህ ልዩነት ለጂኦሎጂስት ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በሺስት ውስጥ የተወለደ መረግድ ብረትና ማግኒዚየም ስለሚበዛበት ብርሃንን የሚሰብርበት ልክ ከኮሎምቢያው ትንሽ ከፍ ይላል፤ በውስጡም ቡናማ የሚካ ቅንጣቶችን አቅፎ ይገኛል። ሁለቱም ምልክቶች ኋላ ላይ በመለየቱ ሥራ ያገለግላሉ።

ምትክ፣ አስመሳይ፣ ሰው ሠራሽ

በአማርኛው ንግግር እነዚህ ሁሉ «አርቴፊሻል» በሚል አንድ ቃል ሲጠቀለሉ ይሰማል። አጠራሩ ለገዢም ለሻጭም አይበጅም፤ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይደባልቃልና።

ምትክ የሚባለው በራሱ ስም የሚሸጥ፣ በራሱ ዋጋ ያለው የተፈጥሮ አረንጓዴ ድንጋይ ነው። ፔሪዶት፣ አረንጓዴ ቱርማሊን፣ ጻቮራይት የሚባለው አረንጓዴ ጋርኔት፣ ክሮም ዳዮፕሳይድ፣ አረንጓዴ ሳፋየርና ክርስጵራስስ በዚህ ይመደባሉ። ከእነዚህ ፔሪዶት በኢትዮጵያም ይገኛል፤ በቦረና፣ በሜጋ አካባቢ እሳተ ገሞራ ከጥልቅ ይዞት በወጣው ዐለት ውስጥ አለ። ጻቮራይት ደግሞ የጎረቤት ድንጋይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በታንዛኒያ ከተገኘ በኋላ በኬንያም ተገኝቶ በ1974 በጻቮ ብሔራዊ ፓርክ ስም ተሰየመ።

አስመሳይ ማለት መረግድ ሳይሆን መረግድ እንዲመስል የተዘጋጀ ነገር ነው። አረንጓዴ ብርጭቆ፣ ሆን ተብሎ ተሰነጣጥቆ በስንጥቁ ቀለም የገባበት ኳርትዝ፣ አረንጓዴ ዚርኮኒያ፣ እንዲሁም ሁለት ቀለም የሌላቸው ቁራጮች በአረንጓዴ ማጣበቂያ ተገናኝተው የሚሠሩት ጥንድ ድንጋዮች በዚህ ውስጥ ናቸው። ውኃና ቀለም በቀላሉ የሚመጥጠው የወሎ ኦፓልም ቀለም ተነክሮ ሌላ ድንጋይ መስሎ ሊቀርብ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ከወገል ጤና በብዛት የወጣው ይህ ኦፓል በራሱ የተከበረ ድንጋይ ሆኖ ሳለ በቀለም መነከሩ ዋጋውን እንጂ ክብሩን አይጨምርለትም።

ሰው ሠራሽ መረግድ ግን ከሁለቱም ይለያል። በኬሚካዊ አሠራሩና በክሪስታሉ መረግድ ነው፤ ልዩነቱ የተወለደው በምድር ውስጥ ሳይሆን በላቦራቶሪ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ በቀለጠ ጨው ውስጥ፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮም በከፍተኛ ግፊት ባለ ሙቅ ውኃ ውስጥ ለገበያ ተመርቷል። በስሙ ከተሸጠ ነውር የለበትም። የተፈጥሮ ነው ተብሎ ሲሸጥ ግን ከሁሉ ይልቅ ለመለየት የሚከብደው እርሱ ነው።

ስለ ስም ከተነሣ አንድ የንግድ ልማድ ሳይጠቀስ ማለፍ አይገባም። በዓለም ገበያ ፔሪዶት «የምሽት ኤመራልድ»፣ አረንጓዴ ቱርማሊን «የብራዚል ኤመራልድ»፣ አረንጓዴ ፍሎራይት ደግሞ «የአፍሪካ ኤመራልድ» ሲባሉ ቆይተዋል። የመጨረሻው ስም በተለይ ይጎዳል። ፍሎራይት በቢላ የሚጫር ለስላሳ ድንጋይ ነው፤ ኢትዮጵያና ዛምቢያ እውነተኛ መረግድ እያወጡ የአፍሪካ ስም በፍሎራይት ላይ መለጠፉ የእውነተኛውን ድንጋይ ስም ያረክሳል።

ዐይንን የሚያታልሉ ፈተናዎች

በገበያ የሚነገሩ ፈተናዎች ጥቂት አይደሉም። በጣም የተለመደው ድንጋዩ መስተዋት ይጭር እንደሆነ ማየት ነው። በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ መስተዋት ወደ 5.5 ሲሆን መረግድ ከ7.5 እስከ 8 ነው፤ ስለዚህ መረግድ መስተዋት ይጭራል። ነገር ግን ኳርትዝም፣ ቱርማሊንም፣ ጋርኔትም፣ ዚርኮኒያም ይጭራሉ። ፈተናው ብርጭቆን ከመለየት አያልፍም፤ በዚያ ላይ የተሞረደውን ድንጋይ ጠርዝ ሊሰብር ይችላል። ድንጋዩን ምላስ ላይ አድርጎ ቅዝቃዜውን መሞከርም እንዲሁ ነው፤ ብርጭቆ ከክሪስታል ይልቅ ቶሎ ይሞቃል፣ ከዚህ በላይ ግን የሚናገረው ነገር የለም።

ሌላው «እውነተኛ መረግድ ስንጥቅ አያጣም» የሚለው አባባል ነው። መሠረት አለው፤ መረግድ በአብዛኛው ውስጡ ንጹሕ አይደለም። አስመሳይ የሚሠሩ ሰዎችም ይህን ያውቃሉ፤ የተሰነጣጠቀው ኳርትዝ የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው። በተቃራኒው ከሻኪሶ አካባቢ ከወጡት መካከል ውስጣቸው ጥርት ያሉ ድንጋዮች ተገኝተዋል። በአባባሉ የሚመራ ገዢ እውነተኛውን ጥሎ ሐሰተኛውን ሊያነሣ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1934 በለንደን የተሠራውና የቼልሲ ማጣሪያ የሚባለው መስተዋትም በብዙ ነጋዴዎች እጅ አለ። በማጣሪያው ውስጥ ሲታይ ክሮሚየም ያለበት መረግድ ቀላ ይላል፣ ተራ አረንጓዴ ብርጭቆ ግን አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። በዘመኑ ለነበረው ገበያ ጥሩ መሣሪያ ነበር። ሆኖም ብረት የበዛበት መረግድ የመቅላት ጠባዩ ይዳከማል፤ ሰው ሠራሽ መረግድ ደግሞ ብረት ስለሌለው ብዙ ጊዜ ደምቆ ይቀላል። በሺስት ውስጥ የተወለደውን የጉጂ ዓይነት ድንጋይ በዚህ ማጣሪያ ብቻ የሚመዝን ሰው የአገሩን መረግድ ውድቅ አድርጎ የላቦራቶሪውን ሊያሳልፍ ይችላል።

ሁለት ቁጥሮች

አስተማማኙ መንገድ ድንጋዩን መለካት ነው። ሁለት ልኬቶች፣ አንጻራዊ እፍግታና የብርሃን ስብረት፣ አብዛኛውን ጥያቄ ይፈታሉ፤ የመጀመሪያው የሚጠይቀው አንድ ወርቅ ቤት ያለውን ስሜታዊ ሚዛን፣ አንድ ብርጭቆ ውኃና ቀጭን ሽቦ ብቻ ነው።

አሠራሩ አርኪሜዲስ ያወጣው ነው። ድንጋዩ መጀመሪያ በአየር ይመዘናል፤ ቀጥሎ በሽቦ ተንጠልጥሎ ውኃ ውስጥ ሰጥሞ ይመዘናል። የአየር ክብደቱ፣ ውኃ ውስጥ ለጎደለው ክብደት ሲካፈል እፍግታው ይገኛል። በሸጎሌ ያለ አንድ ወርቅ ቤት 5.44 ካራት የሚመዝን አረንጓዴ ድንጋይ ቀረበለት እንበል። ውኃ ውስጥ 3.44 ካራት ከመዘነ የጎደለው 2.00 ነው፤ እፍግታውም 2.72 ይሆናል፣ ይህም የመረግድ ነው። ድንጋዩ ፔሪዶት ቢሆን ኖሮ እፍግታው 3.34 ስለሆነ የሚጎድለው 1.63 ካራት ብቻ ነበር፤ ጻቮራይት ቢሆን 3.61 ስለሆነ 1.51። አረንጓዴ ቱርማሊን ወደ 3.06፣ ክሮም ዳዮፕሳይድ ወደ 3.29፣ ፍሎራይት 3.18፣ ሳፋየር 4.00 ገደማ ናቸው። ዚርኮኒያ ከ5.5 በላይ ስለሚወጣ በእጅ ሲያዝ እንኳ ክብደቱ ይታወቃል።

ጥንቃቄ የሚያሻቸው ነገሮች አሉ። በድንጋዩ ላይ የሚጣበቅ የአየር አረፋ ውጤቱን ያዛባል፤ ውኃው ላይ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና መጨመር ይረዳል። የሽቦው ክብደት አስቀድሞ ከሚዛኑ መቀነስ አለበት። ድንጋዩ ከቀለበቱ ካልወጣ ዘዴው አይሠራም። ከሁሉም በላይ ትናንሽ ድንጋዮች ያስቸግራሉ። ሚዛኑ በ0.01 ካራት ቢሳሳት ለ5.44 ካራቱ ድንጋይ ውጤቱ ከ2.71 እስከ 2.73 ብቻ ይወዛወዛል፤ ለ0.50 ካራት ድንጋይ ግን ያው ስሕተት ውጤቱን ከ2.58 እስከ 2.88 ያወዛውዘዋል። ኳርትዝ 2.65 ስለሆነ በትንሹ ድንጋይ ላይ መረግድን ከተቀለመ ኳርትዝ መለየት አይቻልም። ባለ ቀለም ብርጭቆም እንደ አሠራሩ እፍግታው ስለሚለያይ አልፎ አልፎ ከመረግድ ጋር ይገጥማል።

ይህን ክፍተት የሚዘጋው ሁለተኛው ቁጥር ነው። ሪፍራክቶሜትር የሚባለው በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ብርሃን በድንጋዩ ውስጥ ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚሰበር ያነብባል። የመረግድ ንባብ በአብዛኛው ከ1.565 እስከ 1.602 ባለው ውስጥ ሲሆን፣ እንደ አብዛኞቹ ክሪስታሎች ብርሃንን ለሁለት ስለሚከፍለው ሁለት ተቀራራቢ ንባብ ይሰጣል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 0.005 እስከ 0.009 ነው። ኳርትዝ 1.544 እና 1.553 ስለሆነ ያለጥርጥር ይለያል። ቱርማሊን 1.62 እና 1.64፣ ፔሪዶት 1.65 እና 1.69 ናቸው። ጻቮራይት 1.74 ላይ አንድ ንባብ ብቻ ይሰጣል፤ ብርጭቆም እንዲሁ አንድ ንባብ ነው። በመሣሪያው ላይ ምንም የማይነበብለት አረንጓዴ ድንጋይ ከመሣሪያው አቅም በላይ ብርሃን የሚሰብር ስለሆነ፣ ሌላው ቢቀር መረግድ አለመሆኑ ታውቋል። የመሣሪያው ተጨማሪ ጥቅም ጠፍጣፋ ፊቱ እስከተገለጠ ድረስ በቀለበት ላይ የተሰካውንም ድንጋይ መለካት መቻሉ ነው።

ሰው ሠራሹ መረግድ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። በቀለጠ ጨው የተሠራው ዓይነት 1.561 እና 1.564 አካባቢ ስለሚነበብና እፍግታውም 2.65 ገደማ ስለሆነ፣ ዝቅ ያለ ቁጥር ማስጠንቀቂያ ይሆናል። የጉጂው ከፍ ብሎ የሚነበብ በመሆኑ በተለይ «የሻኪሶ ነው» ተብሎ የቀረበ ድንጋይ 1.56 ላይ ከተነበበ ነገሩ እንደገና መታየት አለበት። በሙቅ ውኃ የተሠራው ግን ከተፈጥሮው ጋር ሊደራረብ ይችላል። ያን ጊዜ ዐሥር እጥፍ የሚያጎላ አጉሊ መነጽር ይጠየቃል። ቡናማ የሚካ ቅጠሎች ድንጋዩ ከሺስት መወለዱን ያመለክታሉ። የተጠማዘዘ መጋረጃ የሚመስል የቀለጠ ጨው ቅሪት፣ ወይም እንደ ደረት ማዕረግ ምልክት የተደራረበ የማደግ መስመር ላቦራቶሪን ያመለክታል። ክብ አረፋ ብርጭቆን ይከስሳል። በፔሪዶት ውስጥ ደግሞ የኋለኞቹ ጠርዞች ድርብ ሆነው ይታያሉ፤ በመረግድ ውስጥ ይህ በዐይን አይታይም። በመነጽርም ካልታወቀ ጉዳዩ የኢንፍራሬድ መሣሪያ ወዳለው ላቦራቶሪ መሄድ አለበት። «ከኢትዮጵያ ነው ወይስ ከዛምቢያ» የሚለው ጥያቄማ በሌዘር የሚደረግ የጥቃቅን ንጥረ ነገሮች ልኬት የሚጠይቅ ነው፤ ሚካ በሁለቱም አገር ድንጋይ ውስጥ ይገኛልና።

ያልተሞረደ ድንጋይ ላይ ነገሩ በከፊል ይቀልላል። ያልተሰበረ የመረግድ ክሪስታል ባለ ስድስት ጎን ዓምድ ነው፣ ጫፉም ጠፍጣፋ ነው። ቱርማሊን ሲቆረጥ የተጠጋጋ ሦስት ማዕዘን ይታይበታል፣ በርዝመቱም ጭረቶች ወርደውበታል። ፍሎራይት በለስላሳ ገጽ ይሰነጠቃል። የተሰባበረ የጠርሙስ ብርጭቆ ደግሞ እንደ ዛጎል የተቀለሰ ስብራት አለው። አንድ አምራች እነዚህን አራት ቅርጾች በዐይኑ ቢለምድ ከደላላው ጋር በሚያደርገው ድርድር ላይ ያለው አቋም ይለወጣል።

የትኛው አረንጓዴ ለየትኛው አገልግሎት

መረግድ አለመሆን ጉድለት አይደለም። ጻቮራይት ከብዙ መረግዶች ይልቅ ያንጸባርቃል፣ ውስጡም ይበልጥ ይጠራል፣ በዘይትም አይታከምም። ችግሩ ትልልቅ ጻቮራይት እምብዛም አለመገኘቱ ነው፤ ከሁለት ካራት በላይ ሲሆን ብርቅ ይሆናል። ስለዚህ ለጆሮ ጌጥና ለትናንሽ ፈርጦች ረድፍ ጻቮራይት፣ ለአንድ ትልቅ ፈርጥ ደግሞ ቱርማሊን የተሻለ ምርጫ ነው።

ቀለበት ከሌሎች ጌጦች ሁሉ ይልቅ ይፈትናል፤ እጅ ከጠረጴዛ፣ ከበር፣ ከድስት ጋር ይጋጫል። በአዲስ አበባ አቧራ ውስጥ የኳርትዝ ቅንጣት አይጠፋም፤ የኳርትዝ ጥንካሬ 7 በመሆኑ ከ7 በታች ያለ ድንጋይ በየቀኑ በጨርቅ ሲጠረግ እንኳ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል። ክሮም ዳዮፕሳይድ 5.5 እስከ 6፣ ፔሪዶት 6.5 እስከ 7 ስለሆኑ ለዘወትር ቀለበት አይመከሩም፤ ለአንገት ጌጥና ለጆሮ ግን ያምራሉ። አረንጓዴ ሳፋየር 9 ስለሆነ በጥንካሬ የሚስተካከለው የለም፤ ቀለሙ ግን ብዙውን ጊዜ ጨለም ይላል፣ መረግድ ፈላጊውንም አያረካም። መረግድ ራሱ ጭረትን ቢቋቋምም ምትን አይችልም፤ ውስጣዊ ስንጥቆቹ ያሳስቱታል። ማዕዘኖቹ የተቆረጡበት የታወቀው አራት ማዕዘን አሞራረድ የመጣውም ጠርዙን ከመሰበር ለማዳን ነው።

ከአገልግሎቱ ያልተናነሰ አሳሳቢው ጥገናው ነው። አብዛኛው መረግድ ስንጥቁ እንዳይታይ በዘይት ወይም በሙጫ ይታከማል። ይህ በዓለም ገበያ የተለመደና ከተነገረ የሚፈቀድ ነው። አንጥረኛው ቀለበቱን ለማጥበብ ወይም ለመበየድ እሳት ሲያስጠጋው ግን ዘይቱ ይወጣል፣ ስንጥቁም ይገለጣል፤ ባለቤቱም ድንጋዩ ተለወጠብኝ ብሎ አንጥረኛውን ሊከስስ ይችላል። ፔሪዶት በበኩሉ አሲድ ይበላዋል፤ ከብየዳ በኋላ ወርቁን ለማንጻት በአሲድ ውስጥ መንከር ገጹን ያበላሸዋል። ስለዚህ ሁለቱም ድንጋዮች ከመበየዱ በፊት ከወርቁ መውጣት አለባቸው። ለዘወትር ጽዳት ለብ ያለ ውኃ፣ ጥቂት ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃሉ፤ በድምፅ ሞገድ የሚያጸዳው መሣሪያ ለመረግድ አይሆንም።

የብርሃኑም ነገር አይዘነጋ። የሱቅ መብራት ድንጋይን ለማሳመር የተመረጠ ነው። ገዢው ድንጋዩን በር ላይ አውጥቶ በቀን ብርሃን፣ ቢቻል በሁለት የተለያዩ ሰዓቶች ማየት ይኖርበታል፤ በቢጫ አምፖል ሥር ደምቆ የታየ ፔሪዶት በቀን ወደ ቢጫ ሲያደላ፣ ጥሩ መረግድ ግን አረንጓዴነቱን እንደያዘ ይቆያል።

በመጨረሻ የሚቀረው ደረሰኝ ነው። «አንድ ባለ አረንጓዴ ፈርጥ የወርቅ ቀለበት» የሚል ደረሰኝ ስለ ድንጋዩ ምንም አይናገርም። በደረሰኙ ላይ ቢያንስ የድንጋዩ ስም፣ የተፈጥሮ ወይም ሰው ሠራሽ መሆኑ፣ በዘይት ወይም በሙጫ ታክሞ እንደሆነ፣ ክብደቱ በካራትና ተለክቶ ከሆነ እፍግታውና የስብረት ንባቡ ሊሰፍሩ ይገባል። ሻጩ እነዚህን ለመጻፍ ፈቃደኛ ካልሆነ ገዢው ዋጋውን መነጋገር ያለበት ድንጋዩ ብርጭቆ እንደሆነ አድርጎ ነው።